ሳይቀመስ የተሠራ እንቁላል

በ2016 ዓ.ም. የሁዳዴ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በምሠራበት ቢሮ፣ ከቡና ማፍያው በላይ ባለው ግድግዳ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የፈረንጆቹ ፋሲካ በዚያ ዓመት መጋቢት 22 ቀን ይውል ስለነበረ፣ ከበዓሉ በፊት ባለው ሐሙስ ሁሉም ሰው ከቤቱ አንድ ምግብ ሠርቶ እንዲያመጣና ምሳ አብረን እንድንበላ ተወስኗል። ወረቀቱን ያየሁት ዘግይቼ ስለነበር የድንች ሰላጣው፣ የተጋገረው ማካሮኒ፣ ኬኩና ዳቦው ሁሉ ባለቤት አግኝተው፣ ስም ያልተጻፈበት አንድ መስመር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም «ዴቭልድ ኤግስ፣ 24» ይላል። የእኔ ፋሲካ ገና ሚያዝያ 27 ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ እንቁላል በአፌ አይዞርም። ጾም ላይ ነኝ ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ነገር ግን በየዓመቱ በዚህ ወቅት «አይ፣ እኔ አልበላም» የምትለዋ ሴት ሆኜ መታወቁ ሰልችቶኝ ስለነበር፣ ባልበላም ሠርቼ አበላለሁ ብዬ ስሜን ጻፍኩበት።

ምግቡን በዓይን አውቀዋለሁ፤ እዚህ አገር አሥር ዓመት የኖረ ሰው ሳያየው አይቀርም። እንቁላሉ በደንብ ተቀቅሎ ይላጥና በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አስኳሉ ወጥቶ በማዮኔዝና በሰናፍጭ ከታሸ በኋላ ተመልሶ ነጩ ላይ ባለው ጉድጓድ ይሞላል፤ ከላይ ቀይ ፓፕሪካ ይነሰነስበታል። በፋሲካ፣ በምስጋና ቀን፣ ጁላይ አራት ቀን በሚደረገው የመናፈሻ ግብዣ፣ ከቀብር መልስ በሚዘረጋው ገበታ ላይ ጭምር አይጠፋም። በተለይ በደቡብ ግዛቶች ለዚህ ምግብ ብቻ ተብሎ የተሠራ ሳህን አለ፤ ዙሪያውን እንቁላል የሚያህሉ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አሉት፣ ግማሽ እንቁላሎቹ እንዳይንሸራተቱ እያንዳንዳቸው በየጎድጓዳቸው ይቀመጣሉ። እኛ ለጀበና ማቶት እንዳለን እነሱም ለእንቁላል ሳህን አላቸው ማለት ነው።

ማታ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደውዬ የምሠራውን ስነግራት፣ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሳላስብ ተረጎምኩላት። «በሁዳዴ የሰይጣን እንቁላል? ኧረ በስመ አብ በይ ልጄ!» ብላ ስልኩን ልትዘጋብኝ ደረሰች። ነገሩ ግን ከሰይጣን ጋር ግንኙነቱ በማቃጠሉ ብቻ ነው። እንግሊዞች ቁንዶ በርበሬ፣ ሰናፍጭና የመሳሰለው በርከት ተደርጎ የተቀመመ ምግብን በዚህ ስም መጥራት የጀመሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ቃሉ በዚህ ትርጉሙ በጽሑፍ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1786 ነው። አስኳል አሽቶ መልሶ መሙላቱ ራሱ ከስሙ በዕድሜ በብዙ ይበልጣል፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የአንዳሉስያ ሙስሊሞች አስኳሉን በድንብላል ቅጠል፣ በሽንኩርት ጭማቂና በቁንዶ በርበሬ ወቅጠው ከሞሉ በኋላ ሁለቱን ግማሾች ገጥመው በስንጥር ያያይዟቸው ነበር። ማዮኔዙ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ቦስተን ላይ በታተመ ታዋቂ የወጥ ቤት መጽሐፍ ውስጥ አስኳሉን በማዮኔዝ ማላላት እንደ አንድ አማራጭ ቀርቧል። የእናቴን ድንጋጤ የሚጋሩ አሜሪካውያንም እንዳሉ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ በደቡብና በመካከለኛው ምዕራብ ያሉ አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን እናቶች ስሙን ላለመጥራት ሲሉ «የተሞላ እንቁላል» ወይም «የለበሰ እንቁላል» ይሉታል። ለእናቴ ይህንን ስነግራት ረጋ አለች። «እንዲያ በይኝ እንጂ መጀመሪያውኑ» አለች።

እንቁላል መቀቀል ማን ይቸግረዋል በሚል መንፈስ ነበር ማክሰኞ ማታ ለሙከራ የተነሳሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ የበዓል ዋዜማ ሥራዬ የዶሮ ወጡን እንቁላል መቀቀልና መላጥ ነበር። እናቴ እንዳስተማረችኝ እንቁላሉን በቀዝቃዛ ውኃ ጥጄ፣ ከፈላ በኋላ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል አንተክትኬ፣ ድስቱን አውርጄ እዚያው ፍል ውኃው ውስጥ ተውኩት። ልጬ ስሰነጥቀው አስኳሉ ዙሪያውን አረንጓዴ ቀለበት አጥልቋል፤ ሳሸው ደግሞ ቢጫው ሁሉ ወደ አመድማ ተለወጠ። ሽታውም የታወቀው የክብሪት ዓይነት ሽታ ነው። መብላት አይከለክልም፤ ነገር ግን ለበዓል ገበታ አይቀርብም።

ምክንያቱን ፈልጌ ሳገኝ ለራሴ ሳቅሁ። እንቁላል እሳት ሲበዛበት ከነጩ ድኝ ያለበት ጋዝ ይወጣና ወደ መሐል ይገፋል፤ አስኳሉ ውስጥ ደግሞ ብረት አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ያ አረንጓዴ ይፈጠራል። የሚበዛበት ለምንድን ነው ቢሉ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ እኔ ያለሁበት አሌክሳንድሪያ ግን ከፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ሳትል የተቀመጠች ስለሆነች ውኃው 100 ይደርሳል። የእናቴ ሃያ አምስት ደቂቃ የተለካው በእንጦጦ አየር ነው። ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ሁሉም እዚህ ቶሎ የሚበስልልኝ ለምን እንደሆነ አሥር ዓመት ሙሉ ምድጃውን ሳመሰግን ኖሬያለሁ፤ ለካስ ከፍታው ነው። ስንት የዶሮ ወጥ እንቁላል እንዲሁ አረንጓዴ ሆኖ በልተናል ብዬም አሰብኩ፤ ማንም አላየውም፣ ምክንያቱም ቁሌቱ ያለብሰዋል፣ ሰውም በእንጀራ ጠቅልሎ ይጎርሰዋል።

በእርግጥ የሁለቱ ልዩነት ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው። ለዶሮ ወጥ የሚላጥ እንቁላል ትንሽ ቢቆስል ማንም አይቆጣም፤ እንዲያውም ወጡ እንዲገባበት ሆን ተብሎ በቢላዋ ጫፍ ሦስት አራት ቦታ ይበጣል። ዴቭልድ ኤግስ ግን የተቀቀለ ነጩን ራቁቱን አውጥቶ ነው ገበታ ላይ የሚያቆመው። አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ ከቅርፊቱ ጋር ተገንጥላ ከሄደች፣ ያ ግማሽ እንቁላል እንደ ተነከሰ ዳቦ ሆኖ ይታያል።

የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት እንቁላሎች ደግሞ እንዲሁ ተነካክሰው ነው የወጡት። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ለበዓል ይሁን ብዬ ቅዳሜ ዕለት ከገበሬዎች ገበያ የዚያኑ ጠዋት የተሰበሰበ እንቁላል ገዝቻለሁ። አገር ቤት «የሐበሻ እንቁላል፣ ትኩስ ነው» ሲባል ሁለት ብር ጨምረን የምንገዛ ሰዎች ስለሆንን ትኩስነት ነውር ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም። ለመቀቀል ግን ነውር አለው። አዲስ የተጣለ እንቁላል ነጩ ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይኖራል፤ ቀናት ሲያልፉ ጋዙ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እየወጣ ሲሄድ የነጩ ባሕርይ ይለወጥና ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ገለፈት ጋር ያለው ቁርኝት ይላላል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት አሥር ቀን የሰነበተ የሱፐርማርኬት እንቁላል ነው። ረቡዕ ማታ ለዋናው ሥራ የተጠቀምኩት፣ ፍሪጁ ጥግ የጾም መያዣ ዋዜማ ላይ ገዝቼ የረሳሁትን ነው። ከጾሙ በፊት የተገዛ እንቁላል በጾሙ መሐል ለሌላ ሰው ፋሲካ መዋሉ ትንሽ አስቆኛል።

አቀቃቀሉንም ለወጥኩ። ውኃው አስቀድሞ ይፈላል፣ እንቁላሎቹ ከፍሪጅ ወጥተው በጭልፋ ቀስ ተብለው ይገባሉ፣ እሳቱ ቀነስ ይደረጋል፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር እየሞቀ የሚሄደው እንቁላል ገለፈቱን ይዞ ነው የሚረጋው፤ ድንገት ፍል ውኃ የገባው ግን ነጩ ፈጥኖ ስለሚረጋ ከገለፈቱ ይሸሻል። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ በረዶ ወደ ሞላው ውኃ ይዛወራል፤ ቅዝቃዜው መብሰሉን ቀጥ አድርጎ ያስቆማል፣ ያንን አረንጓዴም ይከለክላል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መላጥ የሚጀመረው ከወፍራሙ ጫፍ ነው፤ እዚያ ሥር የአየር ኪስ ስላለ አውራ ጣት ገለፈቱን ቆንጥጦ ለመያዝ ቦታ ያገኛል። ከቧንቧ በቀጭኑ በሚወርድ ውኃ ሥር ይዤ ስልጠው ቅርፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ በትልልቁ ወረደልኝ። አሥራ ሁለት እንቁላል፣ አንድም ሳይቆስል። በሕይወቴ ያን ያህል የሚያበራ የእንቁላል ክምር አይቼ አላውቅም፤ ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ልኬላታለሁ። መልሷ «አልጠበስሽውም?» የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በእጅ ፍጥነት የሚሄድ ነው። ቀጭን ቢላዋ፣ ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ እንቁላሉን በቁመቱ ይከፍላል። አስኳሉ ከጀርባ በአውራ ጣት ገፋ ሲደረግ ራሱ ይወርዳል። እሱን በሹካ ከማሸት ይልቅ በወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ ማሻሸት ይሻላል፤ ሹካ ትንንሽ ጓል ይተዋል፣ ወንፊቱ ግን እንደ በሶ ዱቄት አድርጎ ነው የሚያወርደው።

ችግሩ የመጣው ቅመም ላይ ስደርስ ነው። የምግብ አሠራሩን የጠየቅኳቸው ሴት በቢሮው ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ፣ የሰሜን ካሮላይና ተወላጅ ናቸው፤ ይህንን ምግብ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲሠሩ ኖረዋል። ስንት ማንኪያ ማዮኔዝ እንደሚገባ ስጠይቃቸው «እስኪበቃው ድረስ» አሉኝ። ሰናፍጩስ? «ትንሽ፣ ከዚያ ትቀምሺዋለሽ።» አቼቶውስ? «ትቀምሺዋለሽ።» እናቴን ቁሌት ስንት ጭልፋ በርበሬ ይወስዳል ብዬ የጠየቅኳት ያህል ነበር። ሁለቱ ሴቶች ቢገናኙ ቋንቋ ባይግባቡ እንኳ ድስቱ ላይ ይግባባሉ። ችግሩ እኔ አልቀምስም። እንቁላሉን ብቻ ሳይሆን ማዮኔዙንም፤ ማዮኔዝ ማለት በእንቁላል አስኳል የተያያዘ ዘይትና አቼቶ ነውና።

ሰናፍጩን ግን መቅመስ እችላለሁ። እንዲያውም ሰናፍጭ ለእኛ የጾም ነገር ነው፤ አያቴ በሁዳዴ ስልጆ ስትሠራ አፍንጫዬን ሰንጥቆ የሚወጣው ያ ስሜት እስከ ዛሬ ይታወሰኛል። የአሜሪካው ቢጫ ሰናፍጭ ከዚያ ጋር ሲተያይ ውኃ ነው፤ በእርድ ቢጫ የሆነ፣ በአቼቶ የላላ። ማክሰኞ ማታ ሰናፍጩን፣ አቼቶውንና ተከትፎ የሚገባውን ኮምጣጣ ኪያር ለየብቻ ቀምሼ የእያንዳንዱን ኃይል ገመትኩ፤ ቀሪውን በመለኪያ ማንኪያ አደረግሁት። ለአሥራ ሁለት እንቁላል አስኳል ግማሽ ኩባያ ማዮኔዝ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አቼቶ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። በወጥ ቤት ዘመኔ ጨው በማንኪያ ስለካ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። መለካት ቀላል ነው፤ ከባዱ ልማድ ነው። አዋህጄ እንደጨረስኩ ማንኪያው ጠርዝ ላይ የቀረውን በሌባ ጣቴ ጠርጌ ወደ አፌ ሳስጠጋ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ደነገጥኩ። ጣቴን እንደ ተሾመ ሰው ቀጥ አድርጌ እየያዝኩ ወደ ቧንቧው ሄድኩ።

ማክሰኞ ማታ ከሠራሁት ከዚያ አመድማው ሦስቱን በዕቃ ይዤ ረቡዕ ጠዋት ለካሮላይናዋ ሴት አቅርቤላቸው ነበር። መልኩን አይተው ምንም አላሉም። አንዱን በሁለት ጉርሻ ጨርሰው፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው ትንሽ ቆዩና፣ አቼቶው ማነሱን፣ ማዮኔዙም ጣፋጭ መሆኑን ነገሩኝ። እሳቸው የሚጠቀሙት በደቡብ ካሮላይና ግሪንቪል እ.ኤ.አ. በ1917 የተጀመረውን ዱክስ የተባለ ማዮኔዝ ነው፤ ስኳር የለበትም። ረቡዕ ማታ ሌላ ማዮኔዝ ገዛሁ፣ አንድ ማንኪያ የነበረውን አቼቶ ሁለት አደረግሁ። በሰው ምላስ መቅመስ ይሉታል ይህ ነው።

ለመሙላት ዚፕ ያለው የላስቲክ ከረጢት ጥጉን በመቀስ ቆርጦ መጭመቅ ይበቃል። ነጩና ሙላቱ ለየብቻ ፍሪጅ ውስጥ ካደሩ በኋላ በበነጋው ጠዋት መሙላቱ ይሻላል፤ አስቀድሞ የተሞላ ውኃ ያወጣል። እንቁላል ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት ስለሌለበት በበረዶ ከረጢት ላይ አስቀምጬ ነው በባቡር የሄድኩት፤ በኪንግ ስትሪት ጣቢያ አንድ ሰው ሲገፋኝ የተሰማኝን ድንጋጤ ሕፃን ለያዘች እናት ብቻ ነው የማወራው።

ፓፕሪካውን በተመለከተ ግን ሐሳቤን ሳልደብቅ ልናገር። ፓፕሪካው ለቀለም ካልሆነ ምንም አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ ማታ ማታ ከመጠጥ ቤቶቹ ደጅ የቆሙ ልጆች ቅቅል እንቁላል በባልዲ ይዘው ሲሸጡ፣ ልጠው፣ ለሁለት ከፍለው፣ ከወረቀት ላይ ሚጥሚጣ ቆንጥረው ይነሰንሱበታል። ያ ልጅ ስሙን ሳያውቅ «የሰይጣን እንቁላል» ሲሸጥ ኖሯል፤ ከፈረንጁም በላይ ስሙ ለእሱ ይገባዋል። እኔም ከሃያ አራቱ ስድስቱን በፓፕሪካ ፋንታ ሚጥሚጣ አድርጌባቸው፣ ሳህኑ ላይ ለብቻ አሰልፌ፣ ከጎናቸው ማስጠንቀቂያ ጽፌ አኖርኩ። ምሳው ላይ መጀመሪያ ያለቁት እነሱ ናቸው። እኔ ያመጣሁትን ሽሮ በሰሃኔ ይዤ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጬ፣ ሰዎች ሲጎርሱ ፊታቸውን እየተከታተልኩ ነበር የዋልኩት። ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ከአፋቸው ከሚወጣው ይልቅ ወደ ሁለተኛው እንቁላል ከሚዘረጋው እጅ ነው የሚያውቁት።

በቀጣዩ ዓመት እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች፤ የሁለቱ ፋሲካዎችም ቀን ገጠመ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.። በዚያ ሰሞን የወፍ ጉንፋን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጣይ ዶሮዎችን አስጨርሶ ነበርና፣ የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ መጋቢት ላይ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ደርሶ ነበር፤ ከዓመት በፊት ሦስት ዶላር ገደማ የነበረ ነው። እናቴ ዋጋውን በብር እያባዛች ሱፐርማርኬቱ መሐል ቆማ «ዶሮዋን ራሷን ለምን አንገዛም?» አለች። ለዶሮ ወጡ አሥራ ሁለት፣ ለዴቭልድ ኤግሱ አሥራ ሁለት ገዛን።

ቅዳሜ ሹር ማታ አንድ ምድጃ ላይ ሁለቱን እንቁላሎች በሁለት ድስት ጣድናቸው። የእሷን ከእኔ ቀድሜ ላወጣባት ስል እጄን መታችኝ፤ ስለ ከፍታው የሰጠሁትን ማብራሪያ «እንቁላሉ ይህን ሁሉ ያውቃል?» ብላ ዘጋችው። ሽንኩርቱ ከቀትር ጀምሮ ሲቁላላ ስለዋለ ቤቱ በሙሉ የቁሌት ሽታ ነው። ወጡን ስታማስል ክዳኑን ከፈት አድርጋ እንፋሎቱን በእጇ ወደ አፍንጫዋ ትስበዋለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ ጨው ትቆነጥራለች፣ እንደገና ታሸታለች። ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ያየሁት ነው። የፋሲካን ዶሮ ወጥ ቀምሶ የሚሠራ የለም፤ አገር ምድሩ የሚበላውን ያንን ወጥ የሚሠሩት ሃምሳ አምስት ቀን የጾሙ ሴቶች ናቸው፣ የዓመቱን ትልቁን ድስት በአፍንጫና በእጅ ብቻ። አምና በመለኪያ ማንኪያ ስጨነቅ ይህ እንዴት ትዝ እንዳላለኝ አላውቅም። ጨው ሽታ የለውም ብዬ ስከራከራት «ለአንቺ ነው የማይሸትሽ» አለችኝ።

የእኔን የአስኳል ሙላት ጎድጓዳ ሳህን አነሳችና አሸተተችው። ማዮኔዙን ስላልለመደችው ፊቷን አጨማደደች፤ ሰናፍጩ ላይ ስትደርስ ግን ለየችው፣ ስልጆ ስልጆ ይላል አለች። ከዚያ ሳህኑን መለሰችልኝ።

«ጨው ያንሰዋል።»

ሩብ ማንኪያ፣ በልክ፣ አምናም ማንም አላማረረም አልኳት። ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ወጧ ተመለሰች። እኔም እልህ ይዞኝ ሳልጨምርበት ሞላሁት፤ ካገለገለ ዕቃ መሸጫ የገዛሁት ባለ ሃያ አራት ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደርድሬ፣ ግማሹን በፓፕሪካ ግማሹን በሚጥሚጣ ነስንሼ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

የተመለስነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ነጠላችንን ሳንፈታ ዶሮ ወጡ ቀረበ፤ እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሰችኝ። ከዚያ ሳህኑን ከፍሪጅ አውጥቼ መሐል ላይ አስቀመጥኩትና አንዱን አነሳሁ። በሕይወቴ የሠራኋቸው የዴቭልድ ኤግሶች ቁጥር ያን ጊዜ ከሰባ ማለፉ ነው፤ አንዱንም በልቼ አላውቅም ነበር። ቀዝቃዛ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ አቼቶው መጀመሪያ ይመጣል፣ ሰናፍጩ ከኋላ ይከተላል። እናቴ የራሷን እንደያዘች ሳትጎርስ እኔን ታየኛለች።

ተነስቼ የጨው ዕቃውን አመጣሁ።